ለአጭር ጠመንጃ ሁለተኛ ስም

አልቪን ሩስታድ ጠመንጃውን ለመግዛት የፈጀበት ጊዜ ፀጉሩን ለመቆረጥ ከሚፈጅበት ያነሰ ነበር። ወደ ጠመንጃ ነጋዴው ወደ ኮርዊን ሱቅ ገባ፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት አንዱን በአገጩ አመለከተ፣ መታወቂያውን ሰጠ፣ ወንጀል ሠርተህ ታውቃለህ ወይ፣ አእምሮህስ ጤነኛ ነው ወይ የሚለውን ቅጽ ሞላ። ኮርዊን ስልክ ደውሎ የመንግሥትን ይሁንታ እስኪያገኝ ድረስ ስለ ዝናብ አወሩ። ዝናብ አልነበረም። በደቡብ ዳኮታ ምዕራብ ስለሌለ ዝናብ ማውራት እንደ ሰላምታ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልቪን ጠመንጃውን የገዛው አፈሙዙን አውልቆ በአጭር ሊተካው ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ አውራ በግ ከበረቱ አጥር ጋር አጣብቆ ቀኝ ትከሻውን ሰብሮታል። አጥንቱ ገጥሟል፣ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ረጅም ጠመንጃ አንስቶ ሲያነጣጥር ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ፒካፑ ውስጥ ሆኖ ሲያዞረው ደግሞ አፈሙዙ ከበሩ ጋር ይጋጫል። ሁለት መቶ በጎቹ ሚያዝያ ላይ ይወልዳሉ፤ ቀበሮዎቹም ቀኑን ከእሱ አስበልጠው ያውቁታል።

ኮርዊን ነገሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳው። አሥራ ስድስት ኢንች አፈሙዝ ያለውን ጠመንጃ ማንም ጨዋ ሰው ዛሬውኑ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ያጠረ እንደሆነ ግን ማመልከቻ፣ የሁለት መቶ ዶላር ቀረጥ፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠየቃል፤ አንድ ቅጂ ለሸሪፉ ይላካል፤ ከዚያም ዋሽንግተን እስኪፈቅድ ወራት መጠበቅ ነው። አጭሩ አፈሙዝ እስከዚያው ሱቁ ውስጥ ይቆያል።

"ጠመንጃውና አጭሩ አፈሙዝ አንድ ቤት ካደሩ፣ ገና ሳትገጥመው አስበሃል ይሉሃል" አለው። "ያን ጊዜ እስር ቤት መጥቼ የምጠይቅህ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ መንዳት አልወድም።"

አልቪን ቅጹን ሊሞላ ብዕር ሲያነሳ ኮርዊን እጁን ወረቀቱ ላይ ጫነበት። በራሱ ስም ብቻ ካስመዘገበው፣ እሱ በሌለበት ማንም ሊነካው አይችልም። ሆስፒታል ቢገባና ጎረቤት ቀበሮ ላባርርለት ብሎ ቢያነሳው፣ ጎረቤቱ ወንጀለኛ ነው። በአደራ ሰነድ ከተመዘገበ ግን ስማቸው ሰነዱ ላይ የሰፈረ ሁሉ በሕግ ይይዙታል። እነሱም አሻራና ፎቶ መስጠት አለባቸው። ኮርዊን ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ቀና ብሎ፣ "እና ማንን እንጻፍ?" አለ።

አልቪን አስብበታለሁ አለ። በእኛ በዳኮታ "አስብበታለሁ" ማለት "ተወኝ" ማለት ነው። ኮርዊን ግን አልተወውም።

"አንድ ስም ነው የጠየቅኩህ እንጂ ሚስት ፈልግ አላልኩህም" አለ።

ወዲያው ያለው ነገር ለራሱ ተሰማውና ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብዕሮች ማስተካከል ጀመረ። አልቪን ጠመንጃውንና ባዶውን ቅጽ ይዞ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቅጹን ዘርግቶ ተቀመጠ። ምን ችግር አለው፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው አንድ ስም አያጣም ብሎ ነበር። ዴልበርት ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ድንበር የተጋራው ጎረቤቱ፤ መሬቱን ሸጦ ሙቀት ፍለጋ አሪዞና ሄዷል። ወንድሙ ሃልቮር አለ፤ አረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ሆኖ አልቪንን በአባታቸው ስም ይጠራዋል። ፓስተሯ አለች፤ አራት ቤተ ክርስቲያን በየተራ ስለምትዞር የእሱን ስም የምትጠራው ወረቀት አይታ ነው። ኮርዊንን መጠየቅም ይችል ነበር። ነገር ግን ኮርዊን ማንን እንጻፍ ሲል ራሱን አልጠቆመም፤ አልቪንም ይህን ልብ ብሏል።

እንዲህ እያለ ስም ሲጠራና ሲጥል፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረችው አንዲት ስም ብቻ ሆነች። ማሪት፣ አንድ ልጁ። ራፒድ ሲቲ ነው የምትኖረው፣ ሦስት ሰዓት መንገድ። ከተነጋገሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ተጣልተው አይደለም። ተጣልተውማ ቢሆን መታረቅ ይቻል ነበር። የእኛ ሰው ሲሰጡት ሦስቴ እምቢ ይላል፤ መለመን ግን አንዴም አያውቅበትም። ሰው ማስቸገር ከኃጢአቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምናልባት ከስርቆት በታች፣ ምናልባትም በላይ። ሚስቱ ኦርዲስ የታመመችበት ሳምንት ማሪት ልምጣ ወይ ብላ ደውላ ነበር። አልቪን ደህና ነች፣ ሥራሽን ሥሪ፣ አትቸገሪ አላት። ኦርዲስም ከአልጋዋ ሆና ልጅቷን እንዳታስቸግራት ብላዋለች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ማሪት ለቀብር መጣች፣ ሳህን አጠበች፣ ለእንግዳ ቡና ቀዳች። ስትሄድ መኪናዋ በር ላይ ቆማ፣ "መቸገሬን የምወስነው እኔ ነበርኩ" አለችው። ሌላ ምንም አልተናገረችም። እሱም መልስ አልሰጠም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ያ እውነት ነው፣ ግን ሌላም ነገር አይገባበትም።

ስሟን ከመጻፉ በፊት የራሱን አሻራ ሊሰጥ ወደ ሸሪፉ ቢሮ ሄደ፤ ሰው የሚከብደውን ሥራ ለማዘግየት የማይፈጥረው ሥራ የለም። ጄኔል የምትባል ወጣት የሸሪፉ ምክትል ተቀበለችው።

"አቶ ሩስታድ፣ እጅዎን ይልቀቁልኝ" አለች። "እርስዎ አይግፉ፣ ጣትዎን የማንከባልለው እኔ ነኝ።"

አንድ በአንድ ጣቶቹን ይዛ ቀለም አስነካች፣ ወረቀቱ ላይ አንከባለለች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። አሥር ጥቁር ነጠብጣብ እንጂ አሻራ የሚባል አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሽቦ፣ ኖራና የበግ ፀጉር የጣቱን መስመር ሙልጭ አድርገው በልተውታል።

"ባንክ ቢዘርፉ ኖሮ አንይዝዎትም ነበር" አለች ጄኔል። ከዚያም የእርሻ ሰዎች ሁሉ እንዲህ እንደሆኑ፣ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ቅባት እየቀባ ቢመለስ መስመሩ እንደሚመጣ ነገረችው።

አልቪን የበጎቹ ጡት ሲሰነጠቅ የሚቀባበት ቅባት በቆርቆሮ ነበረው። ከእራት በኋላ እየተቀመጠ እጁን ቀባ። አንዱ እጅ ሌላውን ሲያሽ አይቶ አፈረ፤ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ኦርዲስ ከሞተች ወዲህ እጁን ይዞት የቆየ ሰው ያቺ የሸሪፉ ምክትል ብቻ ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጨብጡት አሉ፣ ጨብጠው ይለቃሉ። እሷ ግን አሥሩንም ጣት በየተራ ይዛ፣ ቀስ ብላ አንከባልላ፣ በጨርቅ ጠርጋለታለች። በሁለት ሳምንቱ ሲመለስ አሻራው ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ሊለው ሲገባ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለ፤ ከእንግዲህ የሚመለስበት ምክንያት የለውምና።

ለማሪት የጻፈውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀደደው። የመጀመሪያው በጣም ረጅም ነበር፤ አምስት መስመር ሆነበት። ሁለተኛው ስለ እናቷ አንድ ቃል ነበረበት፣ ያችን ቃል ሲያያት ብዕሩን አስቀመጠ። ሦስተኛው ምንም አላለም። የላከው አራተኛውን ነው። "ማሪት፤ አጭር ጠመንጃ ላስመዘግብ ስለሆነ የሁለተኛ ሰው ስም ያስፈልጋል። ካላስቸገረሽ ከዚህ ጋር ያለውን ቅጽ ሞልተሽ፣ አሻራና ፎቶ ጨምረሽ ላኪልኝ። ካልተመቸሽ ችግር የለም። አባትሽ፣ አልቪን ሩስታድ።" ሌሎች አባቶች ያሏት ይመስል ሙሉ ስሙን ፈረመ።

ፖስታ ሳጥኑ ከቤቱ ሁለት ማይል ርቆ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ሌላ ጊዜ ሲመቸው ብቻ የሚሄድ ሰው በየቀኑ መመላለስ ጀመረ። ፖስታ አዳዩ ቆሞ ሲጠብቀው ሲያገኘው መድኃኒት የሚጠብቅ መስሎት ደህና ነህ ወይ አለው። አልቪን እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው አለ። የዘር ካታሎግ መጣ፣ የመብራት ሒሳብ መጣ፣ ለኦርዲስ የተላከ የጫማ ማስታወቂያ መጣ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። አትልክም ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ቢሆንም መሄዱን አልተወም።

በሦስተኛው ሳምንት ትልቅ ፖስታ መጣ። ቤት እስኪደርስ መታገሥ አቅቶት ፒካፑ ውስጥ ከፈተው። ቅጹ አንድ ቦታ ሳይጎድል ተሞልቷል፣ ተፈርሟል። ሁለት የአሻራ ካርድ አለ፤ አሥሩም ጣት ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ማሪት የምትሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት ነዋ። ደብዳቤ አልነበረም። ፖስታውን ገልብጦ አራገፈው፤ ምንም አልወደቀም።

ከዚያ ቅጹን ሲገለብጥ ፎቶውን አየው። አራት ማዕዘን ሳጥኑ ውስጥ በሙጫ ተለጥፏል፣ እንደ ደንቡ ፊት ለፊት፣ ሳትስቅ። ከግንባሯ በላይ ፀጉሯ ሸብቷል። ከአፏ ዳር ሲለያዩ ያልነበረ መስመር ወጥቷል። ቅንድቧ የኦርዲስ ነው፤ ድሮም የኦርዲስ ነበር፣ አሁን ግን ከሥሩ ያለው ፊትም ወደ ኦርዲስ እየሄደ ነው። ልጁ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሱ በልቡ ይዟት የኖረው ግን የድሮዋን ነበር። አልቪን ሞተሩን አጥፍቶ እዚያው መንገድ ዳር አለቀሰ። አንድ መኪና ሲያልፍ እንደ ልማዱ ሁለት ጣቱን ከመሪው ላይ አንስቶ ሰላም አለ፤ ከዚያ ማልቀሱን ቀጠለ።

ከእንግዲህ የቀረው ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ መላክ ብቻ ነበር። አልላከውም። ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ ከሱ ትይዩ ካለው ወንበር ፊት አቆመው፤ ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፎ። ነገ እልካለሁ አለ። በማግስቱም ነገ አለ። አንድ ቀን ኮፒ ላስቀር ብሎ ከተማ ድረስ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰደው። ማሽኑ ያወጣለት ፊት ጥላሸት የተቀባ መሰለ፤ ዓይኗም አልወጣም። ሳይናገር ከፍሎ ተመለሰ።

በጎቹ መውለድ ጀመሩ። አልቪን ብቻውን ከበረት በረት ሲሮጥ፣ የተጣመመ ግልገል በግራ እጁ ሲስብ፣ እናት የጣለችውን በጠርሙስ ሲያጠባ ይውላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ቀበሮ አንዱን ግልገል አንገቱን ይዞ በሜዳው ሲጎትት አየ። ጠመንጃውን በፒካፑ መስኮት ሊያወጣ ሲል አፈሙዙ ከበሩ ጋር ተጋጨ። ወርዶ አነጣጠረ፣ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ጥይቱ አፈር አቦነነ። ቀበሮው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። በአሥር ቀን ውስጥ ስድስት ግልገል አለቀ።

ጥይት ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ኮርዊን ስለ ማመልከቻው ጠየቀው። አልቪን ሊሸፍን ሞከረ፤ ውሸት ግን አያውቅበትምና ነገሩ ሁሉ ወጣ። ኮርዊን የጥይቱን ሳጥን ወደ ጎን ገፋው።

"ለአንድ ፎቶ ብለህ ግልገልህን ታስበላለህ?" አለ። "ደውልና ሌላ ትላክልህ። አንድ ስልክ ነው'ኮ።"

አልቪን ላስቸግራት አልፈልግም አለ።

"አልቪን፣ እኔን ስማኝ" አለ ኮርዊን። "ልጅህ ሥራዋን ትታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ፣ ከሰካራም ጋር ተሰልፋ፣ አሥር ጣቷን ቀለም ነክራለች። ለምን እንደሆነም አልጠየቀችህም። ከዚህ በላይ ምን ታድርግልህ? አንተ እኮ ሰው አላስቸግርም ትላለህ እንጂ፣ ሰው እንዲያስብልኝ አልፈልግም ነው የምትለው። እንዲህ ያለው ሰው ወዳጁንም ያደክማል። እኔን ራሴን አድክመኸኛል።"

ኮርዊን እንዲህ ተናግሮ አያውቅም ነበር። ፊቱ ቀላ፣ ጥይቱን በከረጢት አድርጎ ሰጠው፣ ወደ ዝናቡ ወሬም አልተመለሰም። አልቪን ሙሉውን መንገድ ቃሉን እያመላለሰ ሄደ። መጀመሪያ ተናደደ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ንዴቱ ለቀቀው፤ ሰውዬው እውነቱን ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ስልኩን አነሳ፤ ካወለቀ እንደማይደውል ያውቃል። ቁጥሩን በቃሉ ይዞታል። ማሪት አነሳችው። እኔ ነኝ አለ። አውቃለሁ አለች። ስለ ነፋሱ ነገራት፣ እዚያም እንደሚነፍስ ነገረችው። ከዚያ ሁለቱም ጨረሱ።

"ወረቀቱ አልደረሰህም እንዴ?" አለች ማሪት።

"ደርሷል።"

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም። ፎቶው ነው።" ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ልልከው አልቻልኩም።"

"ልኩ አይደለም እንዴ? መለኪያውን አይቼ ነው ያስነሳሁት።"

"ልኩ ነው። ፀጉርሽ ሸብቷል፣ ማሪት። ማንም አልነገረኝም።"

አልቪን ስልኩን ጆሮው ላይ ጫነው።

"ማን ይነግርሃል፣ አባዬ?" አለች። "የቀረነው እኔና አንተ ብቻ ነን።"

አልቪን ልብሱን በግራ እጁ ጨብጦ ያዘ። አሁን ካልተናገረ ዕድሜ ልኩን እንደማይናገር ገባው፤ ዕድሜ ልኩ ደግሞ ብዙም አልቀረውም።

"ያኔ ነይ ልልሽ ይገባኝ ነበር" አለ። "እየሞተች እንደሆነ አውቄ ነበር። አንቺን ማስቸገር ፈራሁና እናትሽን ነፈግኩሽ። ይቅር በይኝ።"

ማሪት በጣም ቀስ ብላ፣ ስሟን ለምን እንደጻፈ ጠየቀችው። ሌላ ሰው አጥቶ ነው ወይ አለች።

"አዎ፣ አጥቼ ነው" አለ፤ አልዋሸም። "ሞልቶ ተርፎኝ ቢሆንም ግን አንቺን ነበር የምጽፈው።" ከዚያ ትንፋሹን ሳበ። "በጎቹ እየወለዱ ነው። እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ስድስት ግልገል ተበላብኝ። ነይና አግዢኝ።"

"አሁን ነው የምትለኝ?"

"አሁን ነው የምልሽ።"

የወንበር መገፋት ተሰማው፣ ከዚያ እርምጃዋ።

"በረት የምገባበት ቦት ጫማ የለኝም" አለች። "የእኔ እዚያ አለ እንዴ?"

አልቪን ተነሥቶ ከበሩ ኋላ አየ። የእሷን ድሮ ለቤተ ክርስቲያኗ ሽያጭ ሰጥቶታል።

"ያንቺ የለም" አላት። "የእናትሽ ግን እንዳስቀመጠችው አለ።"

"የእሷ ይሆነኛል" አለች ማሪት። "ልካችን አንድ ነው።"